ላክ የምትለውን የተጫነችው ድመት

መጋቢት 2

ለተከበርሽው የልጅ ልጄ፣ ለመርፌዬ፦

ከዚህ ቤት የወጣ ይፋዊ መግለጫ ነው። ተቀምጠሽ ከሆነ ተነሺ፤ ቆመሽ ከሆነ ቀጥ በዪ። የቤታችን ነዋሪዎች ቁጥር ከትናንት ረፋድ ጀምሮ ከአንድ ወደ ሁለት ማደጉን በታላቅ ክብር አስታውቃለሁ። አዲሷ ነዋሪ ግራጫ ድመት ናት። በመስኮት ገባች፤ ቤቱን ዞር ዞር ብላ መረመረች፤ ሁለት ባዶ ወንበር እያለ እኔ የተቀመጥኩበትን መረጠች። ተከራክሬ ተሸንፌአለሁ። ይህን የምጽፍልሽ ከዚያ ከሚቆረቁረው ወንበር ላይ ሆኜ ነው።

ስለዚህ “አባባ፣ ብቻዎን እንዴት ነው?” የሚለው የየሳምንቱ ጥያቄሽ ከዛሬ ጀምሮ ጡረታ ወጥቷል። ለእናትሽም ንገሪያት። በስልክ ስትተክዝብኝ ድመቷ ትደነግጣለች።

ሁለተኛው ወሬ ትንሽ ነው። ኢሜይሌን የሚይዝልኝ ድርጅት “ውድ ደንበኛችን” ብሎ ጻፈልኝ። እንዲህ ሲያከብሩኝ ነገር እንዳለ ወዲያው ገባኝ። ሚያዝያ 30 ሥራቸውን ይዘጋሉ፤ እስከዚያ ያላወጣሁት ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ቆጠርኩት፤ በአሥራ ሦስት ዓመት ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ስድስት ደብዳቤ ደርሶኛል። ግማሹ መነጽር በቅናሽ ግዛ የሚል ነው። ከቀረው አብዛኛው ያንቺና የእናትሽ ነው። ቤት ስቀይር ጋሪ ጠርቼ አውቃለሁ፤ ለዚህ ማን ይጠራል?

ደግሞ “ቀላል ነው አባባ” እንዳትዪኝ። አንቺ ቀላል ነው ያልሽው ነገር ሁሉ ከሰዓቱን ሙሉ ይበላብኛል።

አያትሽ፣ ጡረተኛው ልብስ ሰፊ
(ከነድመቱ)


መጋቢት 5

አባባዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ? ለድመቷ “እንኳን ደህና መጣሽ፤ ወንበሩን ግን መልሺ” ይበሉልኝ። ስም አወጡላት? ፎቶ ይላኩልኝ። ላቦራቶሪ አብራኝ የምትሠራው ልጅ “ግራጫ ድመት አስተዋይ ናት” ብላኛለች፤ በእርስዎ ቤት ቢያንስ አንድ አስተዋይ በመኖሩ ደስ ብሎናል።

ቀላል ነው አልልም፤ ግን አይከብድም። አዲስ አካውንት ከፍቼልዎታለሁ፤ አድራሻውና መክፈቻው በስልክዎ መልእክት ደርሶዎታል። እዚያ ገብተው “ቅንብሮች” የሚለውን ይጫኑ፤ “ከሌላ አካውንት አምጣ” የሚል ያገኛሉ። የድሮውን አድራሻና የድሮውን የይለፍ ቃል ያስገቡና ይተዉት፤ በሁለት ቀን ውስጥ ራሱ ጎትቶ ያመጣዋል። እርስዎ ሻይዎን ይጠጡ።

አንድ ነገር ብቻ፦ “ረቂቆች” የሚለው ውስጥ ያለው፣ ማለትም ጽፈው ያልላኩት፣ በራሱ አይሄድም። እንዲሄድ ከፈለጉ አንድ በአንድ ይከፍቱታል። ከላይ “ለ” ከሚለው ፊት የተጻፈውን አድራሻ አጥፍተው የራስዎን አዲሱን አድራሻ ይጽፋሉ፤ ከዚያ “ላክ”። አድራሻውን ሳያጠፉ “ላክ”ን እንዳይነኩ! መጀመሪያ ለተጻፈለት ሰው ይሄድብዎታል።

የድሮው የይለፍ ቃል ግን ትዝ ይልዎታል? ካልነገሩኝ ልረዳዎት አልችልም።

መርፌዎ


መጋቢት 19

መርፌዬ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ዕቃ እያጓጓዝኩ ነበር።

የይለፍ ቃሉን በደብዳቤም በስልክም ጠየቅሽኝ፤ አልነግርሽም። ትዝ ግን ይለኛል። እኔን ረሳኸው ወይ ማለት ሜትሬን አንገቴ ላይ አይቶ ሜትር አለህ ወይ እንደማለት ነው። በአንድ ጣት መታሁት፤ ተቀበለኝ፤ ወዲያው መጎተት ጀመረ። ተሸካሚ ዕቃ ሲያወርድ እንደሚያይ ሰው ቁጭ ብዬ ቁጥሩ ሲያድግ አየሁ። ድመቷም አብራኝ አየች። አይ፣ ስም አላወጣሁላትም፤ “እመቤት” ስላት ትዞራለች። ፎቶውን በተመለከተ፣ ስልኩን ሳነሳ ጀርባዋን ትሰጠኛለች። ዓይን አፋር ናት።

ሁሉም ደህና ገብቷል። የመጀመሪያ ደብዳቤሽን አገኘሁት። “አባባ ይሄ ይደርሳል? ካልደረሰህ አልደረሰኝም ብለህ ጻፍልኝ” ይላል። ያኔ አንተ ነበር የምትዪኝ። ከተማርሽ በኋላ ነው ያረጀሁት።

አሁን ወደ ረቂቆቹ። አሥራ አራት ናቸው፤ ሁሉም ለአንድ ሰው ነው፤ ለማን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ለትንሹ አጎትሽ።

ሰርጉ ላይ አንቺ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሽ፤ አበባ ይዘሽ ከፊት ስለነበርሽ ከኋላ የሆነውን አላየሽም። አርባ ዓመት የሰው ሙሽራ ሳለብስ ኖሬ ለገዛ ልጄ ጥቁር ሱፍ ሰፋሁ። ያንን ሱፍ ያህል የለፋሁበት ልብስ የለም። ጠዋት ላይ እጄ ላይ አንጥፌው ስደርስ ልጄ ከሱቅ የተገዛ ለብሶ ወጣ። እጅጌው አውራ ጣቱ ድረስ ይወርድ ነበር፤ ሰው ሁሉ ያየኛል፤ “የሰፊው ልጅ” ይላል። ምግብ ሳይቀርብ ተነስቼ ወጣሁ። እሱ “ለምን ሄዱ?” አላለኝም፤ እኔም “ለምን ገዛህ?” አላልኩትም። አሥራ አንድ ዓመት።

ጽፌለት አላውቅም ማለት ግን ውሸት ነው። ጽፌ አልላክሁም። በሰፊ ቤት፣ ተለክቶ በክር ተወስውሶ ባለቤቱ ሳይመለስ የሚቀር ልብስ አለ። አትሸጪው፣ አትጥዪው፤ ተሰቅሎ ይኖራል። እነዚህም እንደዚያ ናቸው። አብዛኞቹ ስድብ ናቸው፤ ጥሩ ጥሩ ስድብ። ሱፉም ይኸው ቁም ሳጥን ውስጥ በጨርቅ ተሸፍኖ ተሰቅሏል።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ረቂቆቹን ባላወጣቸውስ? ሚያዝያ 30 ሲመጣ አብረው ይዘጉ። ማንም ሳይነካቸው ያልቃሉ። ምን ትያለሽ?

አያትሽ


መጋቢት 22

አባባዬ፣

አይተዉአቸው። እባክዎን።

ይህን ደብዳቤ ሦስቴ ጀምሬ አጠፋሁት። የደበቅኩዎት ነገር አለ፤ ደብቄ የኖርኩትም አሥራ አንድ ዓመት ነው። መጀመሪያ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ከዚያ ያንብቡት።

አጎቴ ያንን ሱፍ የገዛ ቀን አብሬው ነበርኩ። ሰርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው “ነይ እንዘዋወር” ብሎ ወሰደኝ። ሱቁ ውስጥ ሲለካ “አባባ እየሰፋልህ አይደል እንዴ?” አልኩት። አጠገቤ ቁጢጥ አለ። “አባዬ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ነው” አለኝ። “በበሩ ቀዳዳ አየኋቸው፤ ሦስቴ ጣታቸውን ወጉ። ደሙን ገበሩ ላይ እንዳይታይ በምላሳቸው ጠረጉት። ለሰርጉ አይደርስላቸውም። አልደረሰልኝም ብለው እኔ ፊት ከሚያፍሩ፣ እኔ ገዝቼ እኔ ልወቀስ።” ከዚያ ቸኮሌት ገዛልኝና ለእርስዎ እንዳልናገር አስማለኝ። ቸኮሌቱን በልቼ ማልኩ።

እርስዎ ተነስተው ሲወጡ በእኔ ምክንያት መስሎኝ አበባዬን ጠረጴዛ ሥር ጣልኩት። በኋላ ለእናቴ ነገርኳት። “ይበርዳል፣ ተዪው፣ አትነካኪው” አለችኝ። አልበረደም። እኔም አደግሁ፤ መናገሩም ከእኔ ጋር እየከበደ ሄደ።

ይቆጡኝ። ግን ይጻፉልኝ።

መርፌዎ


ሚያዝያ 4

መርፌዬ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ዝም ያልኩት ተቆጥቼ አይደለም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ በቸኮሌት የማለችውን መሐላ መጠበቋ ያስመሰግናታል፤ እኔ በምን አፌ እቆጣለሁ። ስለ ቀረው ዛሬ አልጽፍም። አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ፦ በሱፉ ግራ ብብት ሥር፣ ገበሩ ላይ፣ ምላሴ ያልደረሰባት አንዲት የደም ነጥብ አለች። ከእኔ በቀር የሚያውቃት ያለ አልመሰለኝም ነበር።

አሁን ከባድ የአደጋ ሪፖርት ስላለብኝ ወደዚያ ልለፍ።

ቀን፦ ዛሬ። ሰዓት፦ ረፋድ። ቦታ፦ መስኮቱ ሥር ያለው ጠረጴዛ። እንዳዘዝሽኝ ረቂቆቹን አንድ በአንድ ከፈትኩ፤ አድራሻ አጠፋሁ፣ የራሴን ጻፍኩ፣ ላክሁ። አሥራ ሦስቱ በሰላም ገቡ። ስድቦቼ ሁሉ አዲሱ ቤት ተደርድረዋል። አሥራ አራተኛውን፣ ከሁሉም የሚያንሰውን፣ ከፍቼ አድራሻውን ሳልነካ ንፋስ መጋረጃውን አነሳው፤ መስኮቱን ልዘጋ ተነሳሁ። ስመለስ እመቤት ቁልፎቹ ላይ እየተራመደች ነው። “አንቺ!” ስላት ዘለለች፤ ስትዘል በኋላ እግሯ ረገጠችው። ላክ የምትለውን። “መልእክትዎ ተልኳል” አለኝ።

ለአጎትሽ ሄደ፤ መርፌዬ።

ምን ይላል ትያለሽ። እንዲህ ነው የሚለው፦ “ልጄ፣ ሱፉ አልቋል። መጥተህ ለካው።” በቃ። ከሰርጉ ሦስት ቀን በፊት የጻፍኩት ነው፤ አንቺና እሱ ሱቅ ለሱቅ በምትዞሩበት ቀን መሆኑን አሁን ከደብዳቤሽ አወቅሁ። ልልከው ብዬ ተውኩት። በእጄ ይዤለት ሄጄ ፊቱን ላየው አማረኝ። አልቆ ነበር እኮ። እየወጋሁም፣ እየደማሁም፣ ጨርሼው ነበር።

ይህ ነገር መመለስ ይቻላል? የሚጎተትበት ገመድ የለውም? ቶሎ መልሺልኝ። ድመቷን ለጊዜው ማዕድ ቤት አስሬአታለሁ።

አያትሽ


ሚያዝያ 4፣ ከሰዓት በኋላ

አባባዬ፣

አይመለስም። ገመድ የለውም። ቢኖረውም አላቀብልዎትም።

ሥራ ቦታ ላይ ሆኜ አንብቤ አለቀስኩ፤ ከዚያ ስለ ድመቷ ያለውን ደግሜ ሳነበው ሳቅሁ፤ ጓደኛዬ ውሃ ይዛ መጣች። እመቤትን ይፍቷትና ዓሣ ይስጧት። አሥራ ሦስት ስድብ አሳልፋ ያችን ብቻ የረገጠች ድመት ማዕድ ቤት አትታሰርም።

መልስ ሰጠ? እንደሰጠ ይንገሩኝ። ፎቶዋንም አልረሳሁም።

መርፌዎ


ሚያዝያ 11

መርፌዬ፣

ስድስት ቀን ሙሉ “ሰጠ? ሰጠ?” ብለሽ ስልኬን አደነቆርሽው። ትናንት ሰጠ። አንድ መስመር ናት፤ ከእኔው ነው የወረሰው። ገልብጬልሻለሁ፦

“አባዬ፣ ወገቤ ጨምሯል። ይበቃኛል ይላሉ?”

ምን ተሰማዎት ትያለሽ። ምን ይሰማኛል፤ ሰፊ ነኝ፤ ወገብ መጨመሩ ነው የተሰማኝ። ስንት ጨመረ? ሆድ ነው ወይስ ጎን? ትከሻውስ? ይህን እያሰላሁ ሻዬ በረደ። ከዚያ ተነስቼ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ፤ መሸፈኛውን ገለጥኩ፤ ሱፉን ገልብጬ ስፌቱን በጣቴ ዳሰስኩት። እንዲህ ብዬ መለስኩለት፦

“በየጎኑ ሦስት ጣት ትርፍ ጨርቅ ውስጥ ትቼልሃለሁ። የቀጠነ ሙሽራ ቀጥኖ እንደማይቀር አውቅ ነበር። ና።”

ቅዳሜ ሳምንት ይመጣል። ብቻውን። ሚስቱና ልጆቹ በሚቀጥለው ይመጣሉ አለ፤ “በሚቀጥለው” የምትለዋን አራቴ አነበብኳት።

የምፈራው አንድ ነገር ነው። መስፋቱን እጄ አልረሳውም፤ ክር ማስገባቱ ግን እምቢ ብሎኛል። ትናንት ለሙከራ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ላስገባ ግማሽ ሰዓት ታገልኩ። እሱ ፊት እንደዚያ ስሆን ይታይሽ። ሱፉ ለሰርጉ አይደርስም ያለው በዚህችው እጅ ምክንያት ነው።

ስልኬ ፎቶ ማንሳት አቁሟል። ካሜራው ላይ ትነፍስበታለች መሰለኝ።

አያትሽ


ሚያዝያ 13

አባባዬ፣

አይፍሩ። አጎቴ እጅዎን በደህናው ጊዜም በከፋው ጊዜም አይቷል።

አጎቴ ትናንት ደወለልኝ። ኢሜይሉን የላከችው ድመቷ መሆኗን ነገርኩት፤ ይቆጡኝ ይሆናል። “ድገሚልኝ” አለኝ። ከዚያ “ባለ ውለታዬን ባዶ እጄን ልጎበኛት?” አለ። ደወል ያለው የአንገት ማሰሪያ ሊገዛላት ነው። አንገቷ ስንት ሴንቲ ነው ይላል፤ የሰፊ ልጅ። ለክተው ይላኩልኝ።

መርፌዎ


ሚያዝያ 29

መርፌዬ፣

ይህ ከድሮው አድራሻዬ የምጽፍልሽ የመጨረሻው ደብዳቤ ነው። ነገ ይዘጋል። ግድግዳው ባዶ ነው፤ ድምፄ ያስተጋባል።

“ምን ተባባላችሁ፣ እንዴት ሆነ” ብለሽ አሥር ጊዜ ጠይቀሽኛል። የተባባልነውን አልነግርሽም፤ ብዙም አልተባባልንም። የተሠራውን ግን ልንገርሽ።

ደረቱ 96 የነበረው 104 ሆኗል። ወገቡ ከ82 ወደ 98። እጅጌው 63 ነበር፤ ዛሬም 63 ነው፤ ክንድ አይወፍርም። ጎንና ጎኑን ተረተርኩት። ክር ላስገባ መርፌዋን ሳነሳ ሳይጠይቀኝ ከእጄ ወሰደና በአንድ ጊዜ አስገብቶ መለሰልኝ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። እኔ ስሰፋ፣ እሱ ክር ሲያስገባልኝ፣ ከሰዓቱ አለቀ። ስምንት መርፌ ክር። ገበሩን ስንገለብጥ ያችን ነጥብ አያት፤ አውራ ጣቱን አሳረፈባት። ያን ጊዜ መስኮቱን ልዘጋ ተነሳሁ፤ ንፋስ ግን አልነበረም።

ለብሶት ወጣ። “የት ልትሄድበት ነው?” ስለው “አውቶቡስ ልሳፈርበት” አለኝ። የአውቶቡሱ ወረፋ ላይ ማንም እንደሱ የለበሰ አልነበረም። እጅጌው ልክ የእጁ አንጓ ላይ ነው ያረፈው።

የይለፍ ቃሉንም ልንገርሽ፤ ነገ ስለሚዘጋ ምስጢርነቱ ያበቃል። ያንን አካውንት የከፈተልኝ አጎትሽ ነው፤ ሱቄ ውስጥ፣ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ። “የማይረሱት ቁጥር ይስጡኝ” አለኝ። 96 82 63 አልኩት። እየሳቀ ጻፈው። በእነዚያ አሥራ አንድ ዓመታትም እየተቆጣሁ በከፈትኩት ቁጥር በእሱ ልክ ነበር የምገባው። ያንቺንም ደብዳቤ ለማንበብ መጀመሪያ እሱን መለካት ነበረብኝ። የአዲሱን መክፈቻ ትናንት ቀይሬዋለሁ። ምን እንዳደረግኩት ከላይ ያለውን ያነበበ ያውቀዋል፤ ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ለሌባ አታሳዪ።

አሁን ደወሉ። ገና ከበሩ ሲገባ በትንሽ ሣጥን ይዞት ነበር፤ ቀይ ማሰሪያ፣ እንደ ምስር የምታክል ደወል። “እመቤት የታለች?” አለ። “ወጣ ብላለች” አልኩት። አልጋ ሥር አየ፤ ወንበሬን አየ። ሱፉን ከመስቀያው ሲያወርድ ወደ ብርሃን አዙሮ አገላበጠው። “አባዬ” አለኝ፣ “እኔ ሰፊ ቤት ነው ያደግሁት። ድመት ባለበት ቤት ጥቁር ሱፍ ይህን ያህል ንጹሕ ሆኖ አያውቅም።” እኔ ሜትሬን ፈለግሁ፤ አንገቴ ላይ ነበር። እሱም ደወሉን የስፌት መኪናዬ ላይ አንጠለጠለው። አሁን ስሰፋ ይጮኻል።

እንግዲህ እሱ ካወቀ አንቺም ከእኔው አፍ ስሚው። ድመት የለችም። በዚህ ቤት ድመት ኖራ አታውቅም። “ብቻዎን እንዴት ነው?” ስትዪኝ መልስ ስላጣሁ ፈጠርኳት፤ ግራጫ ያደረግኳት ልጅ ሳለሽ ግራጫ ስለምትወጂ ነው፤ በኋላ ደግሞ ከባድ ሥራ ሲመጣ እሷን ላክኋት። ንፋሱ ግን እውነት ነው። መጋረጃውም፣ መስኮቱን ልዘጋ መነሳቴም እውነት ነው። ዘጋሁት፣ ተመለስኩ፣ ተቀመጥኩ፣ አድራሻውን ደግሜ አነበብኩትና ሳላጠፋው ላክ የምትለውን በዚህችው ሦስቴ በተወጋች ጣቴ ተጫንኳት። አልተንቀጠቀጠችም።

አያትሽ
(ያለ ድመቱ)